ለእናቴ መኝታ ክፍል የቡሽ ወለል ላስነጥፍ ነው፣ ሞክሮት ሚያቅ ሰው አለ?

የባሶው ልጅ፦

ሰላም እንዴት ናችሁ። ደብረ ብርሃን ነው ያለሁት፣ ቤት እየሰራሁ ነው፣ እንደውም አልቋል ማለት ይቻላል፣ ጣሪያው ኮርኒሱ ልስኑ ሁሉ አልቆ የቀረኝ ወለል ነው። ሁሉንም ክፍል ሴራሚክ ላስነጥፍ አስቤ ገዝቼ በረንዳ ላይ ደርድሬው ነበር። ባለፈው እሁድ ከቤተክርስቲያን መልስ እናቴን ቤቱን ላሳያት ወሰድኳት፣ እሷ ደሞ አዲስ ቤት በጫማ አይገባም ባይ ናት (በር እንኳን ያልተገጠመለት ቤት!) ጫማዋን አውልቃ ስትገባ አንዷን ሴራሚክ ረገጠቻት። ትንሽ ዝም ብላ ቆመችና "አንተ፣ እዚህ ላይ ነው ምታሳድረኝ?" አለችኝ። ከዛ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም።

ነገሩ እውነቷን ነው። ጉልበቷን ቁርጥማት ይዟታል፣ ሌሊት ሁለቴ ሶስቴ ትነሳለች፣ ነጠላ ጫማ አድርጊ ብትላት አታደርግም፣ በጨለማ ጫማ ስፈልግ ብወድቅስ ትላለች እሱም እውነት ነው። አሁን ያለችበት አሮጌው ቤት ጭቃ ነው ወለሉ በእበት ሚለቀለቅ፣ በኅዳር ውርጭ እንኳን እንደ ሴራሚክ አጥንት ውስጥ አይገባም። የኛን ከተማ ብርድ ምታቁት ታቁታላችሁ።

ጀርመን ያለው ወንድሜ ስነግረው "ቡሽ አንጥፍላት" አለኝ። መጀመሪያ ሚቀልድ መስሎኝ ሳቅኩ፣ ቡሽ እኮ የወይን ጠርሙስ አፍ ላይ ያለው ነው። ከዛ ተከራይቶት የነበረ ቤት ፎቶ ላከልኝ፣ ወለሉ ያምራል፣ ቡናማ ሆኖ ፈንጠር ፈንጠር ያለ ነገር አለው። እዚህ የፊኒሺንግ ዕቃ ሚሸጡትን ሱቆች አዳረስኳቸው። አንዱ ቡሽ ስለው ያንን ቴሌቪዥን ሚታሸግበትን ነጭ ፎም ተሸክሞልኝ መጣ። ሌላኛው "ለአረቄ ጠርሙስ ከሆነ ቆረቆንዳ አይሻልህም?" ብሎ ሱቁ ውስጥ ያለውን ሰው ሁሉ አሳቀብኝ።

ጥያቄዬ ብዙ ነው ታገሱኝ። እውነት ይሞቃል ወይ? ወንድሜ እንዳለው ሁለት አይነት ነው፣ አንዱ በኮላ ሚለጠፍ ስስ ጣይል፣ አንዱ እንደ ላሚኔት እርስ በርሱ ተቆላልፎ ሚነጠፍ፣ ለኛ የቱ ይሻላል? እኛ ቤት ከሰል አለ ቡና አለ ለበዓል ቄጠማ ይጎዘጎዛል፣ ይችለዋል ወይ? ክፍሉ 4 በ4 ነው፣ 16 ካሬ። ከስር ሊሾ ነው፣ የተሞላው ሰኔ መጨረሻ ላይ። አሁን ጥቅምት ስለገባ ብርዱ ሳይጠና ባስነጥፍ ደስ ይለኛል።

ፊኒሺንግ 12 ዓመት፦

ወንድሜ እኔ የሸኖ ልጅ ነኝ ስራዬ አዲስ አበባ ነው። ቡሽ ሁለት ቤት አንጥፌያለሁ፣ አንዱ ጥሩ ወጣ፣ አንዱ ግን ተበላሸ። ሁለቱንም ልንገርህ ከተበላሸው ነው ብዙ ምትማረው።

መጀመሪያ ይሞቃል ወይ ላልከው። ጠዋት ዶማ አንስተህ ታውቃለህ አይደል? ብረቱን ስትነካው ይቆረጥምሃል እጀታው ግን ምንም አይልህም፣ ሁለቱም እኮ ሌሊቱን አንድ ቦታ ነው ያደሩት፣ ቅዝቃዜያቸው እኩል ነው። ብረቱ የእጅህን ሙቀት ቶሎ ስለሚወስድብህ ነው። ሴራሚክም እንደዛ ነው እግርህን ይመጠዋል። ቡሽ ውስጡ አብዛኛው አየር ነው፣ በጣም ጥቃቅን የተዘጉ ክፍሎች ናቸው፣ አየሩ መውጫ የለውም ሙቀትም ቶሎ አያልፍበትም። ስለዚህ እናትህ ስትረግጠው አይቆረጥማትም። ግን ቤቱን ያሞቃል ብለህ እንዳትጠብቅ! 4 ሚሊ ቡሽ የእግርን እንጂ የክፍል ብርድ አያስቀርም፣ መስኮትህ ንፋስ ሚያስገባ ከሆነ ብርዱ ያው ነው። እሱን በግልጽ ልንገርህ ኋላ እንዳትረግመኝ።

አሁን ወደ ተበላሸው። የቀጠረን ሰውዬ ቸኩሎ ነበር፣ ሊሾው ገና ሁለት ወሩ ነው፣ ክረምት ነው፣ አለቃዬ "ላዩ ደርቋል ልጠፍ" አለኝ፣ እኔም ያኔ ልጅ ነበርኩ ለጠፍኩ። በሶስተኛው ወር ሰውዬው ደወለ። ሄድን ስናይ የጣይሎቹ ጠርዝ እንደ ደረቀ ቂጣ ወደላይ ተነስቷል፣ አንዱን በጣቴ ስስበው ከነኮላው ተላጦ መጣ፣ ከስሩ ሊሾው ጥቁር ብሎ እርጥብ ነው፣ ይሸታል። 30 ካሬ ሙሉ ተነስቶ ተጣለ። የኮላው ችግር አልነበረም የውሃው እንጂ።

ኮንክሪት ላዩን አይተህ ደርቋል አትልም። በጥሩ አየር እንኳን 10 ሳንቲም ውፍረት ያለው ለመድረቅ አራት ወር ገደማ ይፈልጋል፣ ያንተ ደሞ ክረምቱን ሙሉ ዝናብ ሲመታው ነው የከረመው፣ በር መስኮትም ያልተገጠመለት ቤት ነው ብለሃል። ስለዚህ ምንም ነገር ሳትገዛ እቺን አድርግ። ወፍራም ላስቲክ ግማሽ ሜትር በግማሽ ሜትር ቁረጥ፣ ወለሉን ጥረግና አንጥፈው፣ አራቱንም ጎን በስኮች አየር እንዳያስገባ አርገህ ዝጋው፣ ከ16 ሰዓት በታች አትንካው ሁለት ቀን ብታቆየው ደሞ ይሻላል። ስታነሳው ከስሩ ላብ ካለ ወይም ሊሾው ከዙሪያው ጠቆር ካለ ገና ነው። ክፍሉ ውስጥ ሶስት ቦታ አድርገው፣ አንዱን ግድግዳው ስር።

ሌላ ጥያቄ፣ ኮንክሪቱ ሲሞላ ከስሩ ላስቲክ ተነጥፎ ነበር? መሬታችሁ ዋልካ ከሆነ ይሄ ትልቅ ነገር ነው። ላስቲክ ከሌለው መሬቱ በየክረምቱ ውሃ ይሰጠዋል፣ አንዴ ደረቀ ብለህ ብትለጥፍ በሚቀጥለው ሐምሌ ይነሳብሃል።

ከመሐል ሜዳ፦

ኧረ በማርያም የደብረ ብርሃን ሰው ስለ ብርድ ሲያወራ እኛ ምን እንበል :) ወደ ጓሳ ስትወጣ ያለውን ብርድ ብታይ ደብረ ብርሃንን ቆላ ነበር ምትላት።

እኔ ምለው ግን ሰው ለምን የራሱን ነገር ይንቃል። የመንዝ ባና እያለ፣ ዝተት እያለ፣ አጎዛ እያለ፣ የፈረንጅ ጠርሙስ ክዳን መሬት ላይ አንጥፎ መሄድ ምን ሚሉት ነው? ሴራሚክህን አንጥፍ፣ ከአልጋዋ ስር እስከ በሩ ድረስ ዝተት አድርግላት፣ አለቀ። በዛ ላይ ገንዘቡ እዚሁ ይቀራል። የበግ ጠጉር ውስጡ አየር የለውም ያለህ ማነው?

የባሶው ልጅ፦

@ከመሐል ሜዳ ወንድሜ አልናቅኩም እኔ ራሴ ያደግኩት ባና ለብሼ ነው። ግን ሴራሚክ ላይ ዝተት ይንሸራተታል፣ አሮጊት ሌሊት በጨለማ ተነስታ አንዱን ጫፍ ብትረግጠው ወደቀች ማለት ነው። አክስቴ እንደዛ ሆና ነው ዳሌዋ የተሰበረው ዛሬም በምርኩዝ ነች። ለዛ ነው ምፈራው።

@ፊኒሺንግ ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ፣ ዛሬውኑ ላስቲኩን እገዛለሁ። ስለ ታችኛው ላስቲክ ግንበኛውን ጠይቄ እመለሳለሁ። መሬታችን ዋልካ ነው እንዴት አወቅክ?

ፊኒሺንግ 12 ዓመት፦

የሸኖ ልጅ ነኝ አልኩህ እኮ። ዋልካ ላይ ጫማዬን ጥዬ ያደግኩ ሰው ነኝ።

የሰላ ድንጋይ ልጅ፦

እኔ ስዊዘርላንድ ነው ምኖረው፣ ተከራይቼ ያለሁበት ቤት መኝታና ኮሪደሩ ቡሽ ነው፣ ስድስት ዓመት ኖሬበታለሁ፣ ስለዚህ እንደ ነጋዴ ሳይሆን እንደ ኗሪ ልንገርህ።

እግር ላይ በጣም ደስ ይላል፣ ቃሉ ምን እንደሆነ አላቅም፣ በርበሬ የተሰጣበት ጀንዲ ላይ ፀሐይ ውላበት እንደመርገጥ ነው፣ ሞቅ ብሎ ትንሽ ይሰጣል ለጉልበትም ጥሩ ነው። ድምጽም የለውም፣ ልጄ ሲሮጥ የታች ቤት ሰዎች ሰምተው አያቁም። ሳህን ወድቆብኝ ያልተሰበረበት ቀን አለ።

መጥፎውን ልንገርህ አሁን። ፀሐይ ያደበዝዘዋል። መስኮቱ ስር ያለው ከአልጋው ስር ካለው ጋር አንድ አይመስልም፣ ምንጣፌን ሳነሳው አራት ማዕዘን ቀለም ሰርቷል። በተለይ ጀርባው ጎማ የሆነ ምንጣፍ እንዳታስቀምጥበት፣ ቀለሙን ቀይሮ ያስቀረዋል፣ አከራዬ ውል ላይ ሁሉ ጽፋዋለች። ሁለተኛ ከባድ ዕቃ አንድ ቦታ ሲቆይ ጎድጎድ ያደርገዋል። ቀላል ነገር ሲሆን በራሱ ይመለሳል፣ እንደ ስፖንጅ ሳይሆን ቀስ ብሎ፣ ቁምሳጥኔን ሳዞረው የነበረው ግን አራት ጉድጓድ ሆኖ ቀርቷል። የአልጋውና የቁምሳጥኑ እግር ስር ወፈር ያለ ጨርቅ ወይ ሰፋ ያለ ጣውላ አድርግበት። ቀጭን ተረከዝ ያለው ጫማም አይወድም፣ እናትህ ሂል አታደርግም ብዬ ነው :)

@ከመሐል ሜዳ ጋሽዬ የዝተት ነገር ልክ ነህ እኔም ከሀገሬ ያመጣሁት አለኝ፣ አልጋዬ ላይ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር ደስ ስለሚለኝ ነው። ባለፈው ዓመት ፖርቱጋል ሄጄ ዛፉን አየሁት። ከዓለም ቡሽ ግማሽ ያህሉ ከዛ ነው ሚወጣው። ኦክ ከሚባለው የዛፍ ዘር ነው፣ ሰውዬው መጥረቢያ ይዞ ግንዱን ዙሪያውን ከቀደደው በኋላ በመጥረቢያው እጀታ እየፈለቀቀ እንደ ትልቅ ቱቦ አርጎ ያወጣዋል፣ ገና የተላጠው ግንድ ቀይ ነው፣ ሸክላ መሬት ይመስላል። ከዛ ነጭ ቀለም አንስተው አንድ ቁጥር ይጽፉበታል፣ የተላጠበትን ዓመት የመጨረሻ ቁጥር፣ ምክንያቱም ድጋሚ ሚላጠው ከዘጠኝ ዓመት በኋላ ነው። መጀመሪያ ለመላጥ ደሞ 25 ዓመት ገደማ መጠበቅ አለበት፣ ለጠርሙስ ሚሆነው ጥሩው ቡሽ ለሶስተኛ ጊዜ ሲላጥ ሚወጣው ነው፣ ማለት ዛፉ ከ40 ዓመት በላይ ሆኖት። አያት ተክሎ ልጅ ሊልጥ ነው። የወለሉ ቡሽ ከምን መሰላችሁ ሚሰራው፣ የጠርሙስ ክዳን ከተቆረጠ በኋላ የሚተርፈው ተፈጭቶ፣ በሙጫ ተጨምቆ ነው። ለዛ ነው ፈንጠር ፈንጠር ሚለው።

ከመሐል ሜዳ፦

ቆይ ቆይ ዛፍ ቅርፊቱ ዙሪያውን ከተላጠ ይደርቃል እኮ! ይሄን እረኛ ሁሉ ያቃል፣ እኛ ባህር ዛፍ ማድረቅ ስንፈልግ እንደዛ ነው ምናረገው።

የሰላ ድንጋይ ልጅ፦

እኔም እሱን ነበር የጠየቅኩት! ሚላጠው የውጪው ሞቶ የደረቀው ክፍል ነው አለኝ፣ ከስሩ ሕይወት ያለው ሌላ ቆዳ አለ፣ መጥረቢያው እሱን ከነካው ዛፉ ይጎዳል፣ ለዛ ነው ልጅ የማያስነኩት፣ የለመደ ሰው ብቻ ነው ሚልጠው። በነሱ በጋ ብቻ ነው ደሞ፣ በሌላ ጊዜ አይለቅም። ዛፉ እየተላጠ ሁለት መቶ ዓመት ሁሉ ይኖራል።

መምህር ነኝ ባዮሎጂ፦

በመሃል ልግባ ይቅርታ። ተማሪዎቼ ሴል ሚለውን ቃል በቃላቸው ይይዛሉ ከየት እንደመጣ ግን ማንም አያስብም። ሮበርት ሁክ ሚባለው እንግሊዛዊ በፈረንጆቹ 1665 ላይ ያሳተመው ነው፣ ከቡሽ ስስ ቁራጭ በማይክሮስኮፕ ሲያይ ትናንሽ ባዶ ክፍሎች አየ፣ ሴል አላቸው። በአንድ ኩብ ሳንቲም ውስጥ 40 ሚሊዮን ገደማ ይሆናሉ። እና የባሶው ልጅ እናትህ ምትረግጠው እሱን ነው። ይኸው ነው፣ ቀጥሉ።

ሮቢት ነኝ፦

እኛ ሸዋ ሮቢት ሴራሚክ ላይ ተዘርግተን ነው ምናድረው ፍራሽ እንኳን አናነጥፍም :) ያንን በረንዳህ ላይ የደረደርከውን ሴራሚክ ጣርማ በርን አውርደህ ላክልን።

የባሶው ልጅ፦

ተመልሻለሁ፣ ዜናው ጥሩ አይደለም።

ሶስት ቦታ ላስቲክ ዘጋሁ። ሁለት ሌሊት አቆየሁት። መሃል ላይ ያለው ስር ትንሽ ጠቆር ብሏል። በሩ ጋ ያለው ደረቅ ነው። በስተጓሮ ግድግዳ ስር ያለውን ሳነሳው ግን ላስቲኩ ውስጥ እንደ ጎመን ቅጠል ጤዛ ይዞ ነበር፣ በጣቴ ስጠርገው ፈሰሰ። አይኔን ማመን አቃተኝ ላዩን ብታየው እኮ አመድ የመሰለ ደረቅ ነው።

ግንበኛውን ጠየቅኩት። አጠያየቄ ከብዶበት ነው መሰለኝ መጀመሪያ "ኧረ ተነጥፏል" አለ፣ ከዛ ስጨቀጭቀው ሳሎኑና ሁለቱ ክፍል ላይ ተነጥፎ ላስቲኩ ስላለቀ የጓሮውን ትቶታል። የጓሮው ማለት የእናቴ ክፍል። 25 ሳንቲም ድንጋይ አለበት ምንም አይሆንም ነው ሚለኝ። ተናድጄ ነበር አሁን ግን በርዶልኛል፣ ምን ላርገው።

አሁን ግራ የገባኝ ይሄ ነው። ወንድሜ ሚለጠፈውን ሊልክ ነበር ያሰበው፣ ምክንያቱም ቀላል ነው፣ አንድ ካሬ 2 ኪሎ ገደማ ነው፣ 30 በ30 ሚሆኑ 200 ጣይሎች ከነትርፉ 36 ኪሎ ይመጣሉ፣ ሁለት ሻንጣ ማለት ነው፣ ገና ላይ ሚመጡ ጓደኞች አሉት። ሚቆላለፈው ደሞ አንድ ካሬው 7 እና 8 ኪሎ ስለሆነ 16 ካሬ ከመቶ ኪሎ ያልፋል፣ በሻንጣ አይሆንም። ሚለጠፈው እርጥበት ላይ አይሆንም ትላላችሁ፣ ሚቆላለፈው ላስቲክ ከስሩ ተነጥፎ ይሆናል ግን አይመጣም። ምን ትላላችሁ? አዲስ አበባ ካለ እዛው ልግዛ እንዴ?

ፊኒሺንግ 12 ዓመት፦

አዲስ አበባ አልፎ አልፎ ይገኛል፣ ግን በ2016 ሐምሌ የምንዛሬው ነገር ከተለቀቀ ወዲህ ከውጭ ሚመጣ ፊኒሺንግ ዋጋው ዛሬ ያልኩህ ነገ አይሆንም፣ እዚህ ቁጥር ጽፌ ላሳስትህ አልፈልግም። ከላሚኔት በደንብ ይወደዳል። እሱን ብቻ ያዝ።

ሚቆላለፈውን በተመለከተ ሰው ሁሉ ቡሽ ነው ብሎ ነው ሚገዛው። ቆርጠህ ብታየው ላዩ 2 ወይ 3 ሚሊ ቡሽ ነው፣ መሃሉ የተጨመቀ የእንጨት ዱቄት ነው ያው ኤምዲኤፍ በለው፣ ከስር ደሞ ትንሽ ቡሽ። ውሃ ሲያገኘው መሃሉ ነው ሚያብጠው። እናንተ ጋ ወለል ሚጸዳው ውሃ በባልዲ ደፍቶ በመጥረጊያ ነው፣ ዋሸሁ? ለዛ አይነት ቤት እኔ ሚቆላለፈውን አልመክርም። ሚለጠፈው ላዩ ሶስት አራት ጊዜ በቫርኒሽ ከታሸገ ትንሽ ይታገሳል፣ ያም ቢሆን ጨርቅ ተጨምቆ ብቻ ነው። በረኪና የሚባል እንዳይነካው።

እህቴ ስዊዘርላንድ ያልሽው ኮሪደርሽ ሚቆላለፈው ነው አይደል?

የሰላ ድንጋይ ልጅ፦

አዎ ሚቆላለፈው ነው፣ ስድስት ዓመት ምንም አልሆነም። ግን እኔ ውሃ አልደፋበትም እውነት ለመናገር። እናቴ ልትጠይቀኝ መጥታ ባልዲ ስታነሳ ሮጬ ነው የያዝኳት :)

እኔ ግን ሚቆላለፈው ጥሩ ጎን አለው ባይ ነኝ፣ ሲበላሽ አንድ ፍሬ ነቅለህ ትቀይራለህ፣ ቤት ስትለቅም ይዘኸው ትሄዳለህ። ሚለጠፈው አንዴ ከተለጠፈ በጩቤ ፍቆ ማንሳት ነው።

ፊኒሺንግ 12 ዓመት፦

እሱ እውነት ነው። ግን እማማ ቤት ሚለቁ አይመስለኝም።

የባሶው ልጅ ስማኝ፣ ቸኩለህ አትወስን። የጓሮው ግድግዳ ውጪው እንዴት ነው? አፈሩ ከወለሉ ከፍ ብሎ ግድግዳውን ተደግፏል? ብዙ ጊዜ ችግሩ ከታች ሳይሆን ከጎን ነው። ሂድና እይ።

የባሶው ልጅ፦

አዎ!! መሰረት ሲቆፈር የወጣው ዋልካ ጓሮ ተከምሮ ነው ያለው ግድግዳው ላይ እስከ ጉልበቴ ድረስ። የጣሪያው ውሃ ሚወርደውም እዛው ላይ ነው አሸንዳ ገና አልገጠምኩም።

ፊኒሺንግ 12 ዓመት፦

ይኸው። እሱን አፈር አንሳ፣ ከወለሉ ቢያንስ 20 ሳንቲም ዝቅ አርገው፣ ወደ ውጪ አዳፋው፣ አሸንዳ ግጠም። መስኮትና በሩን ግጠምና ቀን ቀን ክፈተው፣ ከአሁን በኋላ እኮ እናንተ ጋ አየሩ ደረቅ ነው የጥቅምት የኅዳር ንፋስ ኮንክሪት ለማድረቅ የተሰራ ነው ሚመስለው። ታኅሣሥ ላይ ላስቲኩን ድገመው። ከዛም ቢደርቅ ታች ላስቲክ ስለሌለው ከመለጠፍህ በፊት ሊሾውን እርጥበት ሚዘጋ ኢፖክሲ ሁለት እጅ ቀባው፣ 16 ካሬ ብዙ አይፈጅም። እኔ ያንን ሳላደርግ አልለጥፍም።

ኮላውን ወንድምህ እንዳይልክ፣ ሚነድ ነገር ሻንጣ ውስጥ አያስገቡም። እዚህ ሶፋ ሰሪዎች ሚጠቀሙት ማስቲሽ አለ አይደል፣ አይነቱ አንድ ነው። ጣይሉንም ሊሾውንም ቀብተህ በጣትህ ስትነካው እስከማይዝህ ድረስ ትጠብቃለህ፣ ከዛ ነው ምታጋጥመው፣ አንዴ ከነካ ነካ ነው ማንሸራተት የለም። ለዛ ከመሃል ነው ሚጀመረው፣ በሲባጎና በጠመኔ መስቀል ሰርተህ። ካስቀመጥክ በኋላ በጎማ መዶሻ ሁሉንም ደብድበው፣ በተለይ ጠርዙን። ሊሾውን ቀድመህ በደንብ ፋቀው፣ ቡሽ ስስ ስለሆነ የሽምብራ ፍሬ ምታክል ጠጠር እንኳን ከላይ ቁልጭ ብላ ትታያለች። ማስቲሹ ይሸታል ራስም ያዞራል፣ መስኮት ክፈት፣ ሲጋራ ክብሪት ከሰል በአጠገብ የለም። እማማ ሳምንት አሮጌው ቤት ይቆዩ።

ጣይሉ ሲመጣ ደሞ ካርቶኑን ፈተህ እዛው ክፍል ውስጥ ሶስት ቀን አሳድረው። ከጀርመን አየር ወደ ደብረ ብርሃን አየር ነው ሚመጣው፣ ትንሽ ይሳሳባል፣ ተለጥፎ ከሚሳሳብ ሳይለጠፍ ይሳሳብ።

ከመሐል ሜዳ፦

ስለ ከሰሉ ማንም አልመለሰለትም እኮ። ፍም ቢወድቅበትስ?

ፊኒሺንግ 12 ዓመት፦

እሳት ሲነካው ቦግ ብሎ አይነድም፣ ይጠቁራል ያራል፣ ግን ጠባሳው ይቀራል። ቡና ሳሎን ሴራሚኩ ላይ ይፈላ። ቄጠማም እንደዛው፣ እርጥብ ሳር ለበዓል ሁለት ቀን ተነጥፎ ሲቆይ ከስሩ ውሃ ይይዛል ቀለሙንም ያስተላልፋል። መኝታ ክፍል ደሞ ማን ቄጠማ ይጎዘጉዛል?

የባሶው ልጅ፦

እናቴ ትጎዘጉዛለች :) ግን እነግራታለሁ።

በቃ ወሰንኩ። ሳሎኑም ኪችኑም ሌሎቹ ክፍሎችም ሴራሚክ፣ የሷ ክፍል ብቻ ሚለጠፍ ቡሽ፣ ታኅሣሥ ላይ ላስቲኩ ደረቅ ካለኝ። ካላለኝ ጣውላ አስመትቼ ዝተት አስቀምጥበታለሁ፣ @ከመሐል ሜዳ ያኔ ትስቅብኛለህ። አፈሩን ዛሬ ሁለት ልጆች ይዤ ማንሳት ጀምሬያለሁ።

የባሶው ልጅ፦

ቆይቻለሁ ይቅርታ፣ ለጠየቃችሁኝ ሁሉ። አፈሩ ተነሳ አሸንዳው ተገጠመ በሩም። ትናንት ታኅሣሥ 12 ላስቲኩን አነሳሁ፣ መሃሉም በሩ ጋም ደረቅ ነው፣ የጓሮው ግድግዳ ስር ላብ የለም፣ ትንሽ ጠቆር ያለ የእጅ መዳፍ ምታክል ቦታ ብቻ ነች። ጋሼ ፊኒሺንግ በስልክ አይቶት "ሁለት ሳምንት ጨምርለት ከዛ ኢፖክሲ" ብሎኛል።

ወንድሜ ደሞ ዋናው ሳይመጣ በሰው እጅ አንድ ፍሬ ናሙና ላከ። ላሳያት አሮጌው ቤት ወሰድኩላት። ገለበጠችው፣ አሸተተችው፣ "ይሄ ጭኮ ነው እንዴ?" አለች፣ እውነትም ሲያዩት በቅቤ የታሸ ጭኮ ይመስላል። መሬት አስቀምጬ እርገጪው አልኳት። በአንድ እግሯ ረገጠች፣ ከዛ ሌላኛውን ጨመረች፣ 30 ሳንቲም ላይ ሁለት እግሯን ገጥማ ቆመች። ምንም አላለችም። ዛሬ ጠዋት ስሄድ በርጩማዋ ላይ ተቀምጣ እንዝርቷን ታሾራለች፣ ጣይሏ እግሯ ስር ነች። ልውሰዳት ስላት "ለምኑ?" አለችኝ። ወንድሜን 200 ያልኩህን 201 አርገው ብዬዋለሁ።